ከዓይን የራቀ ሥራ

የርቀት ሥራ አሠሪው ወይም አለቃው ካለበት ቦታ ርቆ፣ በየዕለቱ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ የሚሠራ ሥራ ነው። ትርጉሙ አጭር ነው፤ በላዩ የተከመረው ግምት ግን ብዙ። ትናንት ከውጭ የገባ ልማድ እንደሆነ፣ ኮምፒዩተር የለመደ የከተማ ሰው ብቻ እንደሚሠራው፣ አለቃ ካላየው ሠራተኛው እንደሚለግም፣ ቤት መዋል ወጪ እንደሌለው፣ ኢንተርኔት ከገባ ሌላው ሁሉ በራሱ እንደሚስተካከል ይታመናል። አንዳንዱ ግምት ከፊል እውነት አለበት፤ አንዳንዱ ደግሞ ሲመረመር ምንም አይገኝበትም። ምርመራውን ከአዲስ አበባ ፎቆች ከመጀመር ይልቅ ከሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከሰላ ድንጋይ መጀመር ነገሩን ያቀልለዋል።

ሰላ ድንጋይ ዛሬ የሞጃና ወደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን፣ ከዋናው የደሴ መንገድ ወጣ ብላ በብርዳማው ደጋ ላይ ትገኛለች። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ግን ከወረዳ ከተማ የሚበልጥ ክብር ነበራት። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርና አንጎለላ ላይ እየተመላለሱ ሲገዙ፣ እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በሰላ ድንጋይ ተቀምጠው የራሳቸውን ግዛት ያስተዳድሩ ነበር። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ በመጋቢት 1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነስቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ በሰላ ድንጋይ አልፏል፤ እመቤቲቱንም አግኝቶ ስለ እሳቸው ጽፏል። በእናትና በልጅ መካከል ያለው መንገድ የበቅሎ መንገድ ነው። ትእዛዙም፣ ግብሩም፣ ወሬውም የሚመላለሰው በመልእክተኛ ነበር። የዘመኑ ገዢ ከዓይኑ የራቀን ግዛት የሚያውቀው በሦስት ነገር ነው፦ በሾመው ሰው ታማኝነት፣ በሚደርሰው ግብር ልክ፣ በሚላከው ሰው አፍ።

ልማዱ በመኳንንት ዘንድ ብቻ የነበረ አይደለም። የሰሜን ሸዋ ደጋ የበግ አገር ነው፤ የመንዝ በግ በራሱ ስም የሚታወቅ ዝርያ ነው። ጠጉሩን ሴቶች በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ፤ ብርዱን የሚመክተው ባና ከዚያ ይወጣል። ፈትሉን ያዘጋጀችው ሴትና ሸማኔው አንድ ጣሪያ ሥር አይውሉም። ባለቤቲቱ ፈትሉን ታስረክባለች፣ ወርዱንና ርዝመቱን በክንድ ትነጋገራለች፣ ዋጋ ትቆርጣለች፣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሸማኔው በስንት ሰዓት ተነስቶ ሥራ እንደጀመረ፣ በመሐል ቡና ይጠጣ አይጠጣ አትጠይቅም። የምትለካው ጨርቁን ነው። የቁም ጸሐፊም ነገር እንዲሁ ነበር። አስጻፊው የመጽሐፉን ስም፣ የብራናውን ነገርና ዋጋውን ይስማማል፤ ጸሐፊው በደብሩ ወይም በጎጆው ወራት ተቀምጦ ይጽፋል፤ ርክክቡ መጽሐፉ ሲያልቅ ነው። የሥራው ልክ አስቀድሞ ከታወቀና ሁለቱም ወገን ከተስማሙበት፣ የሠራተኛውን ውሎ መጠበቅ ትርፉ ድካም ነው። ችግር የሚነሳው ልኩ ሳይታወቅ ሲቀር ነው፤ የርቀት ሥራ የኋላ ታሪክም በአብዛኛው የዚሁ ችግር ታሪክ ነው።

ስልክ ሲመጣ ርቀት ሌላ መልክ ያዘ። ኢትዮ ቴሌኮም ዕድሜውን የሚቆጥረው ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር መዘርጋት የጀመረበት ጊዜ መሆኑ ነው። ቀድሞ ለመልእክተኛ ብዙ ቀን የሚፈጀው ጉዳይ በአንድ ቀን ተጠይቆ የሚመለስ ሆነ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ፍጥነቱ ነው። ከፍጥነቱ ጋር አብሮ የመጣው ነገር ግን እምብዛም አይነሳም፦ ሩቅ ያለ ሹም በራሱ አእምሮ የሚወስነው ነገር እየጠበበ ሄደ። መልእክተኛ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ሹሙ የራሱ ጌታ ነበር፤ ሽቦው ሲዘረጋ ማዕከሉ ክፍሉ ድረስ ገባ። የዛሬው ሠራተኛ በየሩብ ሰዓቱ በቴሌግራም «የት ደረስክ?» እየተባለ ሲጠየቅ የሚሰማው ነገር ያኔ የተጀመረ ነው። ቴክኖሎጂ ሰውን ከቢሮ ነፃ ያወጣል የሚለው ግምት ከሌላኛው ወገኑ ጋር ነው መታየት ያለበት።

የርቀት ሥራ ለኢትዮጵያ ሕግም እንግዳ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 377/1996 እና እሱን የተካው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ሌላ ቦታ፣ ከአሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥርና አመራር ውጪ ሆኖ፣ በክፍያ ስለሚሠራው ሥራ ራሱን የቻለ ክፍል አላቸው። ይህ በሰው ቤት ተቀጥሮ ከሚያገለግል ሠራተኛ ጉዳይ የተለየ ነው። ሕጉ አንድ ብልኀትም ተመልክቷል። አሠሪው ጥሬ ዕቃ ወይም መሣሪያ ለሠራተኛው «ሸጥኩ»፣ ያለቀለትን ምርት ደግሞ ከሠራተኛው «ገዛሁ» ቢል፣ ስሙ ግዢና ሽያጭ ስለሆነ ብቻ ከሥራ ውልነት አያመልጥም። ውሉም ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ እንደተደረገ ይቆጠራል። ከዚህም ሌላ አሠሪው መዝገብ እንዲይዝ ይገደዳል፤ የሠራተኛውን ማንነትና አድራሻ፣ ሥራው የሚሠራበትን ቦታ፣ የተሰጠውን ዕቃ ዓይነት፣ ዋጋና ብዛት፣ የታዘዘውን ሥራ፣ የርክክቡን ጊዜና ቦታ፣ የክፍያውን መጠንና አከፋፈል። ሕግ አርቃቂዎቹ በዓይነ ሕሊናቸው የነበረው ምናልባት ጥልፍ ጠላፊዋና ልብስ ሰፊው ይሆናል። ያም ሆኖ ድንጋጌው ዛሬ ከቤቱ ሆኖ የድርጅት ሒሳብ ለሚሠራ ወይም ሶፍትዌር ለሚጽፍ ሰው ሲነበብ ባዳ አይሆንም። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ1996 እ.ኤ.አ. ከቤት ስለሚሠራ ሥራ 177ኛውን ስምምነት ሲያጸድቅ የብዙ ሰው ቤት ገና ኢንተርኔት አልነበረውም።

«የርቀት ሥራ የኮምፒዩተር ሰው ሥራ ነው» የሚለው ግምት ደግሞ ሰላ ድንጋይን በመሰለ ወረዳ ጭራሽ አይቆምም። በኢትዮጵያ ከአለቃው በጣም ርቆ የሚሠራው ሠራተኛ ያለው በቀበሌ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው በመደበኛው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መድቧል፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደርሷል። ባለሙያዋ የምትሠራው በጤና ኬላ፣ ከዚያም ይበልጥ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ነው። ተቆጣጣሪዋ ያለው በጤና ጣቢያ ሲሆን፣ አንድ ጤና ጣቢያ በአሠራሩ አምስት ያህል ኬላዎችን ይደግፋል። በመካከሉ በእግር የሚኬድ ዳገትና ቁልቁለት አለ። በግብርናው በኩልም በየገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከሉ የተመደቡት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ሙያ ተከፋፍለው፣ አለቃቸውን ሳያዩ ብዙ ቀን ይውላሉ። ይህን «የርቀት ሥራ» ብሎ የጠራው የለም። መንደር ውስጥ ስለሆነና ጭቃ ስለሚረገጥበት ይሆናል።

የነዚህ ሠራተኞች ልምድ ከብዙ የውጭ አገር ጥናት ይልቅ ለኢትዮጵያ አሠሪ ይጠቅማል። አለቃው የጤና ባለሙያዋን ስለማያያት በመዝገብ ተማምኗል። እያንዳንዱ አባወራ የቤተሰብ ማህደር አለው፤ በውስጡ የእናቶች ክትትል፣ የሕፃናት ክትባት፣ የመፀዳጃ ቤት ሁኔታ ይሰፍራል። ወር ሲሞላ ሪፖርት ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ይወጣል። ማህደሩ ሥራዋን ስለሚረዳት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ማን ክትባት እንደቀረበት የምታውቀው ከዚያ ነው። ሪፖርቱ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ከበላይ የሚጠየቀው ቁጥር ብቻ ሲሆን ቁጥሩ አይጠፋም፤ ዕቅዱ መቶ ቢል ክንውኑ ዘጠና ስምንት ሆኖ ይመጣል። ቁጥሩን ከቤቶቹ ጋር የሚያስተያይ ሰው ወርዶ ካላየ ወረቀቱና መንደሩ ይለያያሉ። ስለዚህ በአካል መሄድ አልቀረም፣ ሊቀርም አይችልም፤ የተለወጠው ዓላማው ነው። በየቀኑ ሠራተኛዋ መግባቷን ለማየት ሳይሆን አልፎ አልፎ መዝገቡ እውነት መሆኑን ለማመሳከር ይኬዳል። በኋላ በታብሌት የሚሠራው የኅብረተሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ሲመጣም ይኸው ጥያቄ አብሮት ሄዷል፤ የውሸት ቁጥር በስክሪን ላይም ያው የውሸት ቁጥር ነውና።

ድምፅና ምስልን ወደ ሩቅ ቦታ ማድረስም በኢትዮጵያ ከኮሮና በፊት ተሞክሯል። ሐምሌ 2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 8028 የተባለ የስልክ መስመር አርሶ አደሩ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ስለ ዘርና ማዳበሪያ የተቀዳ ምክር እንዲያዳምጥ አስችሏል። ወረዳዎችን በሳተላይት ያገናኘው ወረዳኔት ለስብሰባ አገልግሏል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በስክሪን የሚተላለፈውን የፕላዝማ ትምህርት ተቀበሉ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ደግሞ የክልል ተከራካሪ አዲስ አበባ ድረስ ሳይመጣ በምስል የሚሰማበት፣ ሕዝቡ «የፕላዝማ ችሎት» የሚለው አሠራር መጣ። ከእነዚህ ውስጥ ችሎቱና የፕላዝማ ትምህርቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ያስተምራሉ። ችሎቱ የሚፈልገው በተወሰነ ሰዓት መደማመጥን ነው፤ ምስሉ ይህን ሰጥቶታል። ትምህርቱ ግን ተማሪው አልገባኝም ሲል የሚያቆም ሰው ይፈልጋል፤ ፕላዝማው አይቆምም ነበር፤ ክፍል ውስጥ ያለው መምህርም ማብራሪያ ለመስጠት የሚቀርለት ጥቂት ደቂቃ ነበር። መብራት የጠፋ ቀን ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት መሣሪያ የተሠሩ ሆነው ውጤታቸው የተለያየው በሥራው ጠባይ ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሰው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በቫይረሱ መያዙ ተገለጸ፤ መጋቢት 16 አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተወሰነ። የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ የውጭ ድርጅት፣ የሶፍትዌር ድርጅት ሠራተኛ ላፕቶፑን ይዞ ሄደ። ማህደሩ በወረቀት፣ ውሳኔው በማኅተምና በፊርማ በሆነበት ቢሮ ግን ሠራተኛው ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ሥራ አልነበረም። ሰነዱ በመደርደሪያ፣ ማኅተሙ በኃላፊው መሳቢያ ቀረ። ስለዚህ በዚያ ወቅት «ከቤት ሥራ ተሞክሮ አልሆነም» ብሎ መደምደም ልክ አይሆንም፤ በብዙ ቦታ የተሞከረው ቤት መዋል ነው። ሥራው ራሱ ከቢሮ የሚነቀል ሆኖ አልተዘጋጀም ነበር። ጠዋት ፈርሞ መግባት፣ ማታ ፈርሞ መውጣት የሥራ መለኪያ ሆኖ በኖረበት መሥሪያ ቤት፣ የፊርማ መዝገቡ ሲዘጋ በእሱ ቦታ የሚተካ መለኪያ በአንድ ሳምንት አይገኝም።

ያልታየ ሠራተኛ ይለግማል ወይስ አይለግምም ለሚለው ጥያቄ የተሻለው መልስ የተገኘው በዕጣ ከተለዩ ሠራተኞች ነው። ሲትሪፕ በተባለው የቻይና የጉዞ ድርጅት በ2010 እና 2011 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ የሻንጋይ የስልክ ጥሪ ሠራተኞችን በዕጣ ከፍለው ገሚሱን ለዘጠኝ ወር ከቤት አሠሩ። የቤቶቹ ውጤት በ13 በመቶ በለጠ፤ ሥራ የሚለቁትም በግማሽ ቀነሱ። ይህ ቁጥር በዓለም ዙሪያ ተጠቀሰ። እምብዛም የማይጠቀሰው ቅድመ ሁኔታው ነው፦ ለሙከራው ብቁ የሚሆነው በድርጅቱ ስድስት ወር የሠራ፣ ፈጣን ኢንተርኔት ያለው፣ ብቻውን የሚሠራበት ክፍል ያለው ሰው ነበር። ሥራውም የስልክ ጥሪ ስለሆነ በደቂቃና በጥሪ ይቆጠራል። ሙከራው አልቆ ምርጫ ሲሰጣቸው ደግሞ ከቤት ሲሠሩ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ መመለስ ፈለጉ፤ ዋናው ምክንያታቸው ብቸኝነት ነበር።

በሕንድ ቼናይ መረጃ ወደ ኮምፒዩተር በሚያስገቡ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ሌላ ሙከራ ተቃራኒውን አሳየ። በዕጣ ከቤት እንዲሠሩ የተመደቡት ምርታማነታቸው ከቢሮዎቹ በ18 በመቶ አነሰ፤ ልዩነቱም አብዛኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታየ ነው። ይባስ ብሎ ከቤት መሥራትን አስቀድመው የመረጡት ሰዎች ውጤት ቤት ሲሆኑ ይበልጥ ወረደ። ሻንጋይና ቼናይ የተጣሉ አይደሉም፤ የሥራውና የቤቱ ሁኔታ ለየቅል ነው። ለአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ወይም ለሰላ ድንጋይ ቤተሰብ የትኛው እንደሚቀርብ አንባቢ ራሱ ሊፈርድ ይችላል። በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው የብሉም ሌላ ሙከራ መሐሉን መንገድ መዘነ። በዚያው ድርጅት 1,612 ሠራተኞች ላይ ተደርጎ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት፣ ሦስት ቀን ከቢሮ መሥራት የሥራ ምዘናንም ዕድገትንም ሳይጎዳ የለቃቂዎችን ቁጥር በሲሶ ቀነሰ። ከሙከራው በፊት ነገሩን በጥርጣሬ ያዩ የነበሩት አለቆችም ግምታቸውን አሻሻሉ።

ቤት ወጪ የለውም የሚለው ግምት በአሠሪም በሠራተኛም ዘንድ አለ። አሠሪው የኪራይ፣ የጽዳትና የሰርቪስ ወጪ ይድንለታል፤ ወጪው ግን አልጠፋም፣ ተሸካሚው ተለወጠ። የሞባይል ዳታ፣ የመብራት ቆጣሪ ካርድ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ፣ ወንበርና ጠረጴዛ በሠራተኛው ኪስ ይገባሉ። ከገንዘብ ሌላ ደግሞ ማኅበራዊ ወጪ አለ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ይመስላል። ቤት የዋለ ሰው በጎረቤት ዓይን ሥራ የሌለው ሰው ነው። እንግዳ ሲመጣ ይጠራል፣ ለቅሶ ሲኖር ቀድሞ ይደርሳል፣ የዕድር ድንኳን ሲተከል «እሱ ቤት ነው ያለው» ይባላል። በደጋው ገጠር በየወሩ የሚከበሩት የቅዱሳን ቀናት ለአሠሪው የማይታዩ በዓላት ናቸው። ሴት ከሆነች ጭነቱ ይደረባል። ቡናው፣ እንጀራው፣ ሕፃኑ ከስብሰባው ጋር በአንድ ሰዓት ይጠብቋታል። በዓለም የሥራ ድርጅት ግምት በ2019 እ.ኤ.አ. ከቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች 260 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ከእነሱም 147 ሚሊዮኑ ሴቶች ናቸው። ከቤት መሥራት ለሴት ይመቻል ሲባል፣ የሚመቸው ለእሷ ይሁን ለቤተሰቡ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም።

ኢንተርኔት ብቻውን ነገሩን አይፈታም፤ ያለ ኢንተርኔት ደግሞ ብዙው የዘመኑ የርቀት ሥራ አይታሰብም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል መላው አገር ኢንተርኔት ተቋርጦበት ነበር። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋር ተያይዞ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወይም ከሰላ ድንጋይ ሆኖ ለአዲስ አበባ ድርጅት የሚሠራ ወጣት በእንዲህ ያለ ጊዜ ሥራውን የሚያጣው በስንፍናው አይደለም፤ አሠሪው ግን በሚቀጥለው ቅጥር አዲስ አበባ ያለውን ሰው ይመርጣል። ጠፋ ሲባል የቆየው ርቀት የማይጠፋው ለዚህ ነው። የከተማው ሠራተኛም ኔትወርክ ይጠፋበታል፤ ግን ቢያንስ ቢሮ ሄዶ ፊቱን ያሳያል።

ለውጭ አሠሪ መሥራት በመርህ ደረጃ የተረጋገጠ ነገር ነው። ሶፊያ የተባለችው የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ሮቦት፣ ከሶፍትዌሯ ከፊሉ የተሠራው በአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ባለሙያዎች ነው፤ ሮቦቷ በ2018 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ጎብኝታለች። ችሎታው ካለ ሥራው ባሕር ይሻገራል። የሚቸገረው ክፍያው ነው። ዓለም የለመዳቸው አንዳንድ የክፍያ መንገዶች ኢትዮጵያ ውስጥ ገንዘብ ለመቀበል አያገለግሉም። በአገር ውስጥ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ገንዘብን ከከተማ ወረዳ ማድረስን አቅልሎታል፤ ከውጭ የሚመጣው ግን በባንክና በምንዛሪ ደንብ ውስጥ ያልፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን እስኪደረግ ድረስ፣ በባንክ በመቀበልና በጥቁር ገበያ በመቀበል መካከል የነበረው ልዩነት ሕጋዊውን መንገድ የመረጠን ሠራተኛ የሚቀጣ ነበር። ትናንሽ መሰናክሎችም አሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተባለ ስብሰባ ለአንዱ 3 ሰዓት፣ ለሌላው 9 ሰዓት ነው፤ ደመወዙ በፈረንጅ ወር ይገባል፣ የቤት ኪራዩ ግን በሐበሻ ወር ይጠየቃል።

የርቀት ሥራ ወጣቱን በትንሿ ከተማ ያስቀራል የሚለው ተስፋም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሲትሪፕ ሙከራ ከቤት የሠሩት ውጤታቸው ቢሻልም፣ ከውጤታቸው አንጻር ሲታይ ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው በግማሽ ያህል አንሶ ነበር። አለቃ የሚያሳድገው የሚያስታውሰውን ነው። ማይክሮሶፍት ከ61 ሺህ በላይ የአሜሪካ ሠራተኞቹን በሸፈነ ጥናት፣ ሁሉም ከቤት ሲሠራ ግንኙነቱ በራሱ ቡድን ውስጥ እየታጠረ፣ ከሌላ ክፍል ጋር ያለው ትውውቅ እየሳሳ እንደሄደ ታይቷል። ለነባር ባለሙያ ይህ ትንሽ ጉዳት ነው፤ የሚያውቀውን ያውቃል፣ የሚያውቁትም አሉ። ለጀማሪ ግን ሙያውን የሚማረው ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ነውና ጉዳቱ ከባድ ነው። ሸማኔውም ቢሆን ብቻውን የሚሸምነው በአባቱ የሽመና ጉድጓድ አጠገብ ዓመታት ከተቀመጠ በኋላ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ዩኒቨርሲቲ፣ የተሻለ ኔትወርክና ለአዲስ አበባ ቀረቤታ ያላት ደብረ ብርሃን ለጀማሪው የተሻለ መካከለኛ ቦታ ትሆናለች። ሰላ ድንጋይ ደግሞ ሙያውን ለምዶ፣ ደንበኛውን ይዞ ለሚመለስ ሰው ይበልጥ ትመቻለች። አንድ መመሪያ ለሁለቱም አይሠራም።

እነዚህ ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፉት በውሉ ላይ ነው። አዋጁ የሚያስይዘው መዝገብ ዕቃን፣ ብዛትን፣ ርክክብንና ክፍያን ይሸፍናል፤ በሸማኔውና በባለ ፈትሏ መካከል በቃል ይደረግ ከነበረው ስምምነት ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ብዙ አይራራቅም። የዳታውንና የመብራቱን ወጪ ማን እንደሚችል ግን ሁለቱ ወገኖች ራሳቸው ሊጽፉት ይገባል። ሠራተኛው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚገኝ፣ ሰዓቱም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ ሥራው በምን እንደሚለካና ልኩን ማን መጥቶ እንደሚያመሳክር መጻፍ አለበት። ኔትወርክ ለአንድ ቀን ቢጠፋ፣ ለአንድ ወር ቢዘጋ ደመወዙ ምን እንደሚሆን፣ እስከ መቼስ እንደሚጠበቅ ሳይወሰን የተፈረመ የርቀት ሥራ ውል በሰሜን ሸዋም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ግማሹ ገና አልተጻፈም።